የማይለቀው ሰማያዊ

በዚያ ሰፈር እትዬ ለቀቀን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ልብሱ ቆሽሾ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ላውንደሪዋ የመንገዱ ማዕዘን ላይ፣ በጫማ ጠጋኙና በፎቶ ቤቱ መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ቤት ናት። ከፊት ባንኮኒ፣ ከኋላ ማጠቢያ ማሽኖችና የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ከላይ ደግሞ በላስቲክ የተሸፈነ ልብስ የተሰለፈበት ረጅም ብረት። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ሰው ወይን የፈሰሰበትን ሸሚዝ ወይም ግራሶ የነካውን ሱሪ ይዞ፣ ፊቱን አጨማዶ ይመጣል። እሷ ጨርቁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ታዞረዋለች፣ በጥፍሯ ጫር ታደርገዋለች፣ ከዚያ «ነገ ና» ትለዋለች። በማግስቱ ልብሱን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ፣ አገጯን ቀና አድርጋ አንድ ቃል ትናገራለች፤ «ለቀቀ!» አመስግኑኝ አትልም። አገጯ ይልላታል።

ባሏ ቀለም ቀቢ ነው። ቁመቱ ለጉድ ስለሆነ መሰላል ይሉታል። መሰላል መሰላል ላይ ወጣ እያሉ የሥራ ጓደኞቹ ይቀልዱበታል፣ እሱም ከነሱ በላይ ይስቃል። ሰው ማስቀየም ጨርሶ የማይሆንለት፣ «አይ» ማለት ሲገባው «እስቲ እናያለን» የሚል ዓይነት ሰው ነው። እንዲህ ያለ ባል ደግ ነው ይባላል፤ ደግነቱ ምን እንደሚያመጣ ግን ያየ ያውቀዋል።

ባልና ሚስቱ የተገናኙት በእድፍ ነው ማለት ይቻላል። ገና በወጣትነቱ አንድ ለመሞት የደረሰ ቱታ ይዞላት መጣ፤ እሷ አጸዳችለት፤ በሳምንቱ የባሰውን ይዞ መጣ። ሆን ብሎ ነው ያቆሸሸው ትላለች፣ እሱ አልካደም። ከተጋቡም ወዲህ ይኸው ጨዋታ ቀጥሏል። ከሥራ ሲመለስ ጓሮ በርጩማ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ጨርቅ ቲነር ውስጥ ትነክራለች፣ ከጣቱ ጫፍ እስከ ክርኑ ትፈትገዋለች። «አንተ ሰውዬ፣ ግድግዳውን ነው የምትቀባው ወይስ ራስህን?» ትለዋለች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፀጉር ቤት እንደተቀመጠ ሰው ተመቻችቶ ውሎውን ያወራላታል። ሌላው ሰው ሻይ ይዞ የሚያወራውን እነሱ ቲነር ይዘው ያወሩታል።

እንግዲህ አንድ ቀን መሰላል ትልቅ ሥራ አገኘ። አዲስ የሚከፈት የሰርግ አዳራሽ ነው፤ ኮርኒሱ ሜዳ ያክላል። መሰላል የቀለም ናሙና ካርዶቹን ይዞ ቤት ሲገባ እትዬ ለቀቀ አንዱን ሰማያዊ በጣቷ ጠቅ አደረገች።

«ይሄ! ሙሽሮቹ ቀና ሲሉ ሰማይ ይዩ እንጂ።»

«ባለ አዳራሹ ምን ይል ይሆን?»

«ዓይን ካለው ምን ይላል?»

ከዚያ በኋላ ላውንደሪዋ ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ኮት ሊወስድ የመጣውም፣ መጋረጃ ልታስረክብ የመጣችውም፣ ስለዚያ ኮርኒስ ሳይሰማ አይወጣም። የምትተኩሰው ታላቅ እህቷ ነች፤ ምላሷ ከካውያዋ የማይተናነስ። «ይቺ ልጅ ኮርኒሱን ራሷ የወለደችው ነው የሚመስላት» ትላለች እንፋሎቱ ውስጥ ሆና።

ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት እትዬ ለቀቀ የባሏን እጅ ስትፈትግ አንድ ነገር ገረማት። የግራው እጅ እንደወትሮው ጠራ። የቀኙ ግን መዳፉና የጥፍሮቹ ሥር ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ደግማ ፈተገችው። ጨርቅ ቀየረች፣ እንደገና ፈተገችው። ያው ነው።

«ምን ዓይነት ቀለም ነው የገዛኸው?»

«ጥሩ ቀለም ነው።»

«ጥሩማ ነው፣ ሥጋህ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል!»

መሰላል ፈገግ አለ። ያን ዕለት ስለ ውሎው ብዙም አላወራም። እሷ ልብ አላለችውም፤ ልቧ እድፉ ላይ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ የበገራት ነገር የለም፤ ዛሬ በገዛ ባሏ መዳፍ ልትሸነፍ? በማግስቱ ነጭ ጋዝ ሞከረች። ቀጥሎ ሎሚ በጨው። ቀጥሎ የጥርስ ሳሙና። ሰማያዊው በመልቀቅ ፈንታ ወደ ክንዱ ወጣ። አንዴ እንደውም ለሙሽራ ቀሚስ ብቻ የምታወጣውን፣ ለእህቷ እንኳ የማታሳየውን ውህድ አውጥታ አፈሰሰችበት፤ መሰላል አስነጠሰው እንጂ ምንም አልሆነም።

«እጁ ወፍሯል እኮ» አለች እህቷ፣ እሁድ ሊጠይቋት ቤቷ ሲሄዱ አይታ።

«እየፈተግኩት ነው ያበጠው» አለች እትዬ ለቀቀ።

«ቀለበቱ ሥጋው ውስጥ ሰምጧል።»

«አልኩሽ እኮ፣ እየፈተግኩት ነው!»

መሰላል የሸሚዙን እጅጌ ወደ ታች ሳብ አደረገና ስለ አየሩ ማውራት ጀመረ። ሰውየው ስለ አየር ሲያወራ ሰምታው አታውቅም። ይህንንም ልብ አላለችውም።

ነገሩ የተገለጠው ባለ አዳራሹ አንድ ቀን ረፋድ ላይ የጠረጴዛ ልብስ በጆንያ አስይዞ ላውንደሪው ሲገባ ነው። ሆዱ ከፊቱ ቀድሞ የሚገባ፣ ስልኩን ከጆሮው የማያወርድ ሰው ነው። እትዬ ለቀቀ አገጯን ቀና አደረገች።

«እንዴት ነው ታዲያ ሰማዩ?»

«የቱ ሰማይ?»

«የኮርኒሱ ነዋ።»

ሰውየው ስልኩን ከጆሮው አወረደ። «ባልሽ አልነገረሽም እንዴ? ሰማያዊውን እኮ አስለወጥኩት። መብራት ሲበራ ከሥሩ የቆመ ሰው ሁሉ ከውሃ የወጣ ሬሳ ይመስላል። ለሙሽራ ይሆናል? ወደ ክሬም ቀይርልኝ አልኩት። ምንም አላለኝም፣ እሺ ብሎ ያን ሁሉ ኮርኒስ ከዳር እስከ ዳር እንደገና ያዘው። መክፈቻው ደርሶ ነበራ! ጎበዝ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ እጁን ወደ ላይ እንደሰቀለ ይውላል። ሰማያዊው ግን ከሄደ ሰነበተ፣ የቀለም ቆርቆሮዎቹንም አስወጥቻቸዋለሁ።»

እትዬ ለቀቀ መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነው፤ እውነቱ ይነገር። ከውሃ የወጣ ሬሳ! የኔን ሰማያዊ! አፏን ልትመልስለት ከፈተች። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣባት። ወደ እህቷ ዞረች። እህቷ ካውያውን ማሳረፊያው ላይ አቁማ፣ ዓይን ዓይኗን እያየቻት ነበር።

«አዳራሹ ውስጥ ሰማያዊ ከሌለ» አለች እትዬ ለቀቀ ቀስ ብላ፣ «ባሌ እጅ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

መልስ አልጠበቀችም። በሽርጧና በነጠላ ጫማዋ ወጣች። ከኋላዋ ባለ አዳራሹ «የጠረጴዛ ልብሴስ?» ሲል፣ እህቷ ምን እንዳለችው እዚህ አይጻፍም።

አዳራሹ ውስጥ መሰላል መሰላሉ ጫፍ ላይ ነበር። የቀለም ሮሎውን የያዘው በግራ እጁ ነው። ቀኙ እንደ እርጥብ ፎጣ ከጎኑ ተንጠልጥሏል። ኮርኒሱ እውነትም ክሬም ነው።

«ውረድ!»

«እንዴ፣ አንቺ... ትንሽ እኮ ነው የቀረኝ።»

«ውረድ አልኩ!»

ወረደ። ግን እየወረደ መሃል ላይ ቆመ፤ ግንባሩን መሰላሉ ላይ አስደግፎ አየር ሳበ። ሁሌም እየዘለለ የሚወርድ ሰው ነው። መሬት ሲደርስ እትዬ ለቀቀ ሠራተኞቹ እያዩ፣ ይሉኝታም ሳይይዛት የሸሚዙን ቁልፎች ፈታች። ከቀኝ ትከሻው እስከ ደረቱ የማታውቃቸው ደም ሥሮች ተገትረው ወጥተዋል። ክንዱ የሌላ ሰው ክንድ ነው የሚመስለው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ክሬሙን ከጀመርኩ ወዲህ። ይከብደኛል። ትናንት ደግሞ እዚህ ጋ ወጋኝ» ብሎ ደረቱን አሳያት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

መሰላል ወደ ኮርኒሱ አየ፣ ከዚያ ወደ ጫማው። «አንቺ የመረጥሽውን ቀለም ጣሉት ብዬ እንዴት ልንገርሽ? ለሰው ሁሉ ነግረሽ የለ! ክሬሙንም እንዳታዪብኝ እዚሁ እየጠረግኩ ነው የምመጣው። ጨርሼ፣ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ ብዬ ነው።»

«እጅህስ? እጅህን ምን ብለህ ነው ዝም ያልከው?»

«እጄንማ አንቺ ይዘሽዋል አልኩ» አለ። «አንቺን ያቃተሽ ነገር አይቼ አላውቅም። ይለቃል ብዬ ነው።»

በጥፊ ልትለውና ልታቅፈው እኩል አማራት። ሁለቱንም አላደረገችም፤ በግራ እጁ ይዛ እየጎተተች ታክሲ ውስጥ ከተተችው። መንገዱን ሁሉ እየተቆጣችው ሄደች። ዝም ካለች እንደምትፈራ ታውቃለች።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ዶክተር ገና ወጣት ናት። ነጭ ጋውኗ ኪስ ላይ የአዮዲን ጠብታ ደርቋል፤ እትዬ ለቀቀ በዚያ ጭንቀት ውስጥ እንኳ ዓይኗን ከእድፉ ላይ ማንሳት አቃታት። ዶክተሯ የመሰላልን እጅ ያዘች፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ቆም አለች።

«ይሄ እጅ ምን ምን ይሸታል?»

«ቲነር» አለች እትዬ ለቀቀ። «ነጭ ጋዝም አለበት። ሎሚም።»

«ሰላጣ ልታደርጊኝ ነበር» አለ መሰላል።

ዶክተሯ ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ግን አልሳቀችም። መዳፉን በአውራ ጣቷ ተጫነችውና ለቀቀችው። የተጫነችው ቦታ ለአፍታ ገርጥቶ ተመልሶ ሰማያዊ ሆነ። እጁን ወደ ላይ እንዲያነሳ አዘዘችው፤ የአንገቱን ሥር ዳበሰችው። «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችው። ቀለም ቀቢ ሲላት «ኮርኒስ?» ብላ ጠየቀች፤ አዎ ሲላት ፊቷ ላይ የሆነ ነገር በራ። በአልትራሳውንዱ እስክሪን ላይ ግራጫ ነገር ሲንቀጠቀጥ ቆየ፣ ከዚያ አንድ ጥቁር ጉብታ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይኸውና። የረጋ ደም ነው። ከክንድ የሚመለሰውን ትልቁን ደም ሥር ዘግቶታል።»

«ደም የሚረጋው ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው አይደል እንዴ?» አለ መሰላል። «ያውም እግር ላይ! እኔ ተቀምጬ የማውቀው እሷ ስትፈትገኝ ብቻ ነው።»

«ብዙውን ጊዜ እንዳሉት ነው። የርስዎ ግን ለየት ያለ ነው፤ እኔም በመጽሐፍ እንጂ በሰው ላይ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።» ወረቀት አውጥታ ሣለችላቸው። ደም ሥሩ ከአንገት ሥር ባለው አግድም አጥንትና በመጀመሪያው የጎን አጥንት መካከል በጠባብ በር ያልፋል። እጅ ወደ ላይ በተነሳ ቁጥር በሩ ይጠባል። አንዳንድ ሰው ሲፈጠርም ጠባብ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ እጁን ሰቅሎ ከዋለ ደም ሥሩ በሩ ላይ እየተጨፈለቀ ውስጡ ይቆስላል፤ የቆሰለበት ላይ ደም ይረጋል። የደረቱ ውጋት ደግሞ ከረጋው ቁራሽ ተገንጥሎ ወደ ሳንባው ሄዶ ሊሆን ይችላል። ትልቁ ከሄደ ለሕይወቱ ያሰጋዋል።

«ይድናል?» አለች እትዬ ለቀቀ።

«በቀጭን ቱቦ ገብተን የሚያሟሟ መድኃኒት እናፈስበታለን። በቶሎ ቢመጣ ይሻል ነበር። እንሞክራለን።»

እንሞክራለን የሚለውን ቃል እትዬ ለቀቀ ታውቀዋለች። ራሷም የምትለው ቃል ነው፤ ለማይለቅ እድፍ።

መሰላልን ይዘውት ሲገቡ ኮሪደሩ ላይ ዶክተሯን ክንዷን ያዘቻት። «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ስፈትገው ነው ወይ ወደ ሳንባው የገፋሁት? በየቀኑ እኮ ነው... በኃይሌ ነው የምፈትገው።»

«ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊነግርዎት አይችልም» አለች ዶክተሯ። «ዛሬ ይዘውት የመጡት ግን እርስዎ ነዎት።»

እትዬ ለቀቀ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። እህቷ ሱቁን ዘግታ መጣችና ሳትናገር ከጎኗ ተቀመጠች፤ ያቺ እህት ሳትናገር ስትቀመጥ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። እትዬ ለቀቀ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላቻቸው። ያን ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሞኝ ሰውዬ ምን ያህል እንደምትወደው እስካሁን ለክታው አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ለካችው፤ ልኩ አስፈራት።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተሯ ዓይኗ ቀልቶ፣ ጋውኗ ተጨማድዶ ወጣች። እትዬ ለቀቀ ብድግ አለችና ከአፏ የወጣው የለመደችው ቃል ነው።

«ለቀቀ?»

«አብዛኛው ሟሟ» አለች ዶክተሯ። «እጁ እየጠራ ነው። አሁን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይጀምራል። ትንሽ ካገገመ በኋላ ደግሞ ያቺን የመጀመሪያ የጎን አጥንት እናወጣታለን፣ በሩ እንዲሰፋ። አለበለዚያ ይመለሳል።»

ወደ ተኛበት ክፍል ሲገቡ መሰላል የአጥንቱን ነገር ሰምቶ ሲያሰላስል ቆየ። «አዳም አንድ የጎን አጥንት ቢሰጥ ሚስት ተሰጠው» አለ። «ለኔስ ምን ይሰጠኛል?»

«ዶክተር» አለች እትዬ ለቀቀ፣ «ሌላ ሚስት ካማረው አጥንቱን እዚያው ተይለት።»

በዚያ ክፍል የተኙት በሽተኞች ሁሉ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሲዞርባት ፊቷን ወደ ዶክተሯ መለሰች። «አንቺ ደግሞ ያንን ጋውን አውልቂና ስጪኝ። ከትናንት ጀምሮ ዓይኔን እየወጋኝ ነው።» በማግስቱ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ነጭ ሆኖ መጣ። ዶክተሯ ኪሱን እያገላበጠች እድፉን ብትፈልግ አጣችው። እትዬ ለቀቀ ግን ቃሏን አልተናገረችም፤ አገጯንም አላነሳችም።

አጥንቱ ወጣ። መሰላል ቤት ተመለሰ፣ እጅህን ከትከሻህ በላይ እንዳታነሳ ተብሎ። ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት ሲወስድ ጢሙን ተላጭቶ ትንሽ ከተቆረጠ ግማሽ ቀን ይደማል፤ ጠረጴዛ ቢነካው ይበልዛል። እህቲቱ «ይሄ ሰውዬ የበሰለ ቲማቲም ሆነ» ብላ ተረበችው። አዳራሹ በክሬም ኮርኒሱ ተከፈተ። እትዬ ለቀቀ አንድ ሰርግ ተጠርታ ገብታ አንገቷን አቅንታ ብዙ አየችው፤ «ምንም አይልም» አለች። ከሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ የባሏን እጅ ፈትጋው አታውቅም። በርጩማው ጓሮ ግድግዳው ሥር ተገልብጦ፣ የቲነሩ ጠርሙስ መደርደሪያው ጫፍ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀመጠ። መሰላልም አልጠየቃትም። ማታ ማታ ሻይ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ወሬውም እንደ ሻዩ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ወራት አለፉ። ዶክተሯ ሥራ መጀመር ይችላሉ አለችው፣ ከትከሻ በላይ ካልሆነ። ለእትዬ ለቀቀ ደግሞ ለብቻዋ ነገረቻት፤ «እጁ እንደገና ካበጠ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ካዩት፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ያምጡት።»

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ለቀቀ ከላውንደሪዋ ቀደም ብላ ተመለሰች። መሰላል ጓሮ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወስዶታል። ራሱ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ቀኝ እጁ ወደ መሬት ተንጠልጥሏል። መዳፉ፣ ጥፍሮቹ፣ እስከ ክርኑ ድረስ ሰማያዊ ነው።

የያዘችው ዘንቢል ከእጇ ወደቀ። ትንፋሹን አዳመጠች፤ አለ፤ ቀስ ያለ፣ የደከመው ሰው ትንፋሽ። ምን እንዳሰበች ራሷም አታውቅም፤ ገብታ የቲነሩን ጠርሙስ አወረደች፣ ጨርቅ ነከረች፣ ተመልሳ አጠገቡ መሬት ላይ ተንበረከከች። ትንሿን ጣቱን ብቻ ያዘች። በኃይል አልነበረም። እንደ ሕፃን ጣት ነበር ያበሰችው።

ጨርቁ ሰማያዊ ሆነ።

ጣቱን አየችው። የባሏ ጣት ነው፤ ጠይም፣ ሸካራ፣ ሞቃት። ጨርቁን አየችው። ቀጣዩን ጣት አበሰች፣ ቀጣዩን፣ መዳፉን፣ ክንዱን። ሰማያዊው እንደ ጨዋ ሰው እየተነሳ ወደ ጨርቁ ሄደ። ቀለበቱ ጣቱ ላይ ላላ ብሎ ይዞር ነበር።

መሰላል ዓይኑን ገለጠ። ሚስቱ እጁን ታቅፋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ እንባዋ በሽርጧ ላይ እየወረደ ነው።

«ምን ሆንሽ? ማን ምን አለሽ?»

«ምንድን ነው ይሄ? ዛሬ ምን ስትቀባ ነው የዋልከው?»

«አጥር ነው። የሙአለ ሕፃናት አጥር። ዝቅ ያለ እኮ ነው፣ ወገቤ አይደርስም፤ በዶክተሯ ይዤሻለሁ» አለ ደንግጦ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቀለሙን እኔው ነኝ የመረጥኩት። ያንቺን ሰማያዊ። ልጆቹ በጣም ወደዱት።»

እትዬ ለቀቀ አገጯን ቀና ልታደርግ ሞከረች፤ አገጯ ተንቀጥቅጦ እምቢ አላት።

«ለቀቀ» አለች።

መሰላል ትንሽ አያት። ተነሥቶ በርጩማውን ከግድግዳው ሥር አምጥቶ እሷን አስቀመጣት። ራሱ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተመቻቸ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ስለ አጥሩ እያወራት ሌላኛውን እጁን ዘረጋላት።